ፍሩንዜ የቀረችው ዘይነብ

ቅዳሜ ጠዋት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ልገዛ ወርጄ ነበር። አጥማጆቹ ጀልባቸውን ዳር አስጠግተው ቆሮሶ ዓሣውን ይዘረግፋሉ፤ አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቆቹ ወፎች አንገታቸውን ደፍተው የሚወረወርላቸውን ይጠብቃሉ። ድንገት ከኋላዬ አንዲት ሴት "ኦይ፣ ማማ!" ብላ ጮኸች። አንዱ አባ ኮዳ ቦርሳዋ ድረስ ተጠግቶ ኖሯል። ዞር ብዬ ሳላስበው፣ "አይነካሽም፤ ዓሣ የያዝሽ መስሎት ነው" አልኳት። ያልኳት በሩሲያኛ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ከአፌ ወጥቶ የማያውቅ ቋንቋ ከነዝገቱ ብቅ አለ። ሴትዮዋ ወፉን ረስታ እኔ ላይ አፈጠጠች። አርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ ክብ ፊት፣ ጉንጯ በብርድ እንዳደገ ሰው የቀላ፣ አንገቷ ላይ የክንድ ያህል ካሜራ ያንጠለጠለች ናት። ስሟ አይጉል ነው፤ የመጣችው ወፍ ለማየት ከሚዞሩ ቱሪስቶች ጋር ነው። "ከየት ነሽ?" አልኳት፣ መልሱን ፊቷ ላይ እያየሁት።

"ከቢሽኬክ" አለች።

የያዝኩት ዘንቢል ከበደኝ።

ቢሽኬክን የማያውቅ ቢኖር አልፈርድበትም። ኪርጊዝስታን የምትባል አገር አለች፤ እስያ መሀል፣ ባሕር የማይደርስባት፣ ከቻይና ጋር በተራራ የምትዋሰን። ከዳር እስከ ዳር ተራራ ናት ቢባል ማጋነን አይደለም፤ ሜዳ የሚባለው በተራሮቹ እግር ሥር የተረፈው ቁራጭ ነው። ዋና ከተማዋ ቢሽኬክ ናት። እኛ በሄድንበት ዘመን ግን አገሪቱ ራሷን የቻለች አልነበረችም፤ የዚያ የትልቁ ኅብረት አንድ ጓዳ ነበረች፤ ከተማዋም የምትባለው ፍሩንዜ ነበር። ኅብረቱ ሊፈርስ ሲል የጥንት ስሟን መለሰች። ቢሽኬክ ማለት የፈረስ ወተት የሚማሰልበት እንጨት ነው ይላሉ፤ እነሱ የፈረስ ወተት አብላልተው ይጠጣሉና። ይሄን ሁሉ የማውቀው አምስት ዓመት ስለኖርኩበት ብቻ አይደለም። በየሳምንቱ ዓርብ ለአንዲት እናት ሳወራው ስለኖርኩ ነው።

እናትየው እማማ ሩቂያ ናቸው። ከስልጤ መጥተው ሐዋሳ ላይ ልጆች ያሳደጉ፣ ባላቸውን በጊዜ ያጡ፣ መናኸሪያ አካባቢ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ሴት። ኑረዲን የሚባል ወንድ ልጅና ዘይነብ የምትባል ሴት ልጅ ነበሯቸው። ዘይነብ የእኔ ጓደኛ ነበረች። አንድ ክፍል ተምረን፣ አንድ ላይ ማትሪክ ተፈትነን፣ ውጭ አገር ከሚሄዱት ልጆች ጋር ስማችን አንድ ወረቀት ላይ ተለጥፎ ያየን ጓደኛሞች። የዚያን ጊዜዋ ሐዋሳ ባጃጅ አታውቅም። ጋሪ ነበር፤ ከመናኸሪያ እስከ ሐይቁ ድረስ ስሙኒ ከፍለን፣ የፈረሱ ቃጭል እያጀበን እንወርዳለን። ዘይነብ ከእናቷ ሱቅ በተረፈ ቁራጭ የተሰፋ፣ አበባው ከፊት አንድ ዓይነት ከኋላ ሌላ ዓይነት የሆነ ቀሚስ ነበራት። እንስቅባታለን። እሷ ከሁላችን በላይ ትስቃለች። መንገዱ ዳር ካለው የካሴት ቤት የሚወጣውን ዘፈን ተከትላ፣ ግጥሙን በግማሽ እያጠፋች፣ ጋሪው ላይ ቆማ ትዘፍናለች። ዛሬ ያ የካሴት ቤት ስልክ ይጠገንበታል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር እርምጃዬን አፈጥናለሁ።

የሄድን ቀን እማማ ሩቂያ ለሁለታችንም አንዳንድ ብርድ ልብስ ጠቅልለው ሰጡን። እኔ ዘይነብን በስምንት ወር እበልጣታለሁ። እጄን ይዘው፣ "አስቴር፣ ትልቋ አንቺ ነሽ። ልጄን አደራ" አሉኝ። "እሺ እማማ" አልኩ። ሃያ ዓመት ያልሞላው ሰው አደራ ሲቀበል ምን እንደተቀበለ አያውቅም።

ፍሩንዜ ስንደርስ ልቤን የወሰደው ውሃው ነው። በየመንገዱ ግራና ቀኝ ከተራራ በረዶ የወረደ ውሃ በቦይ ይፈሳል፤ አሪቅ ይሉታል። በበጋ ከተማው በሙሉ ሲንሿሿ ይሰማል። በየቦዩ ዳር ዛፍ ነው፤ ጥላው አንዱን ሰፈር ከሌላው ያገናኛል። መንገዶቹ በማስመሪያ የተሠመሩ ይመስላሉ፤ ወደ ደቡብ የሚሄደው ሁሉ መጨረሻው ላይ ነጭ ተራራ ቆሟል። በጋቸው በሆነው በሐምሌ ሙቀት እንኳ አናቱ በረዶ ነው። ትሮሊባስ የሚሉት በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሄድ አውቶቡስ በአምስት ኮፔክ ከተማውን ያዞረን ነበር። ክቫስ የሚባል ከዳቦ የሚጠመቅ መጠጥ ከቢጫ በርሜል ይቀዳል፤ ዘይነብ ጠላ ነው ብላ አንድ ዓመት ሙሉ ስታልፈው ከረመች። ገበያው ውስጥ ነጭ የበግ ጸጉር ቆብ የደፉ ሽማግሌዎች ደረቅ ኮክ በማዳበሪያ ዘርግተው ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው ክረምት ሳይገባ ካፖርት ገዛን፤ እኔ በልኬ፣ እሷ ግን "ውስጡ ሹራብ እደርባለሁ" ብላ የወንድ የሚያህል። መንገድ ላይ ካፖርቱ እንጂ እሷ አትታይም።

የተማርነው ጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ነው። "እማዬ ጨርቅ ትሸጣለች፣ እኔ እሠራለሁ፣ ነጋዴ ሌላ ምን ይፈልጋል?" ትል ነበር። ሌሎቻችን ለፈተና የሚበቃንን ሩሲያኛ ስንሸመድድ፣ እሷ ማንም ያላዘዛትን ኪርጊዝኛ ከወጥ ቤት ሴቶች ትለቅም ነበር። በዚያ ዘመን ሃይማኖት በይፋ የሚወራ ነገር አልነበረም። ወጥ ቤቶቹ ግን የአሳማ ሥጋ ያለበት ቀን ዘይነብን በዓይን ይጠቅሷታል፤ እሷም ሳህኗን ወደ ድንቹ ታዞራለች። የማደሪያችን በር ጠባቂ አሮጊት፣ አፓ የምንላት፣ "ይቺ የእኛ ልጅ ናት" ትል ነበር። አንድ በጋ ኢሲክኩል ወደሚባለው ትልቅ ሐይቅ ወሰዱን። ተራራ የከበበው፣ በክረምትም በረዶ ሆኖ የማይረጋ ሐይቅ ነው፤ ስሙም ሞቃት ሐይቅ ማለት ነው። ዘይነብ ልብሷን እንደለበሰች ጉልበቷ ድረስ ገብታ፣ "አስቴር! ይሄም እንደኛው መውጫ የለውም አሉ። ውሃው ይገባል እንጂ አይወጣም!" ብላ ጮኸችልኝ። የዚያን ቀን የተነሳነው ፎቶ እማማ ሩቂያ ሱቅ ግድግዳው ላይ አለ። እኛ መሀል፣ ወጥ ቤቶቹ ዳርና ዳር፣ ሁላችንም ፀሐይ ዓይናችንን እየወጋን።

የሞተችው በመጨረሻው ክረምት ነው። ጉንፋን ነው አልን፤ ከዚያ ሳንባዋ ነው አሉን። ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኛች። በሦስተኛው ሳምንት ትኩሳቱ ቀለል ሲላት፣ "ለእማዬ እንዳትጽፊ፣ ስድን ራሴ እየሳቅኩበት እጽፍላታለሁ" አለችኝ። አልጻፍኩም። በማግሥቱ ጠዋት ስመለስ አልጋው ተነጥፎ ነበር።

አፓና ሁለት ወጥ ቤቶች አጠቧት። ማንም አላዘዛቸውም፤ ማንንም አላስፈቀዱም። የአፓ ወንድም፣ ነጭ ቆብ ያደረገ ሽማግሌ፣ ከከተማው ዳር ባለው መቃብር በረዶው ላይ ቆሞ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ የሚባለውን አለላት። ከዚያ ሁሉም መዳፋቸውን ከፍተው ፊታቸውን አበሱ። እኔ የወንጌላዊ ልጅ ነኝ፤ አብሬ አበስኩ።

አገር ቤት የገባሁት መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ነው። የሞቷን ወረቀት ለቤተሰብ ማድረስ የነበረበት ቢሮ ያን ጊዜ ባለቤት አልነበረውም፤ ወረቀቱም ሻንጣዋም እኔ እጅ ቀሩ። ከመናኸሪያ ወርጄ እማማ ሩቂያ ደጅ ስደርስ ድንኳን ተተክሏል። ሰምተዋል ማለት ነው አልኩ። ድንኳኑ የኑረዲን ነበር። ከጦር ሜዳ መርዶው የደረሰው በዚያው ሳምንት ነው። የእማማ ሩቂያ ወንድም ጋሽ ሸምሱ ፊቴን አይቶ ገባው መሰለኝ፣ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። ነገርኩት። ግድግዳ ተደግፎ፣ "አንድ ድንኳን ውስጥ ሁለት ልጅ? እህቴን ልትገድያት ነው?" አለኝ። "ይሄኛው ይውጣላት። ሰዓቱን እኔ እነግርሻለሁ።"

ስገባ እማማ ሩቂያ ከተቀመጡበት ተነስተው አቀፉኝ። ለቅሶ ያሰለለው ድምፃቸው ጆሮዬ ሥር፣ "ዘይነቤስ?" አለ።

"ትንሽ ትምህርት ይቀራታል" አልኩ።

ጋሽ ሸምሱ ዓመቱ ሳያልቅ ታሞ ሞተ። እነግርሻለሁ ያለኝን ሰዓት ሳይነግረኝ ሄደ። የሚያውቅ እኔ ብቻ ቀረሁ። ወረቀቱን ሻንጣው ውስጥ፣ ሻንጣውን አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩ። ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ ስንት ዓርብ እንደወጣሁ አላውቅም። ስደርስ ወይ ደማቸው ከፍ ብሎ ይተኛሉ፣ ወይ ዒድ ነው፣ ወይ ደግሞ፣ ይሄ ከሁሉ የሚብሰው ነው፣ ደስ ብሏቸው ይስቃሉ። በሁለተኛው ዓመት ትምህርት የሚለው ሰበብ አለቀና፣ "አግብታለች" አልኳቸው። የከብት ሐኪም፣ ደግ ሰው፣ ተራራ ላይ የሚኖር። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። እማማ ሩቂያ መቀስ ይዘው ነበር። "ሳታስፈቅደኝ?" አሉ። ሦስት ወር ስሟን አላነሱም። እኔ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ተቆጥተው ቢቀሩ ብዬ ጸለይኩ። በሦስተኛው ወር አንድ ዓርብ ሻይ እየቀዱልኝ፣ ቀና ሳይሉ፣ "ስትጽፊላት ይቅር ብያታለሁ በያት። አፍራ ነው የማትጽፍልኝ" አሉ። ያን ሻይ እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ስልክ በየቤቱ ሲገባ ውሸቴ መቆሚያ አጣ። አድራሻዋ ጠፋብኝ አልኩ። እማማ ሩቂያ ረጅም ጊዜ አዩኝና ከዚያ ወዲህ ስለ ልጃቸው መጠየቅ ተዉ። ስለ አገሩ ብቻ ይጠይቁኝ ጀመር። "አገሩ ደህና ነው?" ይላሉ። እኔ አወራለሁ። ተራራውን፣ ቦዩን፣ የማይረጋውን ሐይቅ። ከተማው ስሙን መቀየሩን የነገርኳቸው ሰሞን "ጠፋች እንዴ ታዲያ ከተማዋ?" ብለው ደንግጠው ነበር፤ የወተት መማሰያ ማለት ነው ስላቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ራሳቸው ሱቅ ለሚመጣ ሰው፣ "የልጄ አገር ዋና ከተማ ቢሽኬክ ይባላል፤ ከቻይና ወዲህ ነው" ይላሉ። የሐዋሳ ገበያተኛ ግማሹ ስለዚያ አገር የሚያውቀውን ያወቀው ከእሳቸው ነው። እሳቸው ያወቁት ከእኔ ነው። የነገርኳቸው ሁሉ እውነት ነበር። አንዱ ብቻ ሲቀር።

እንግዲህ ያን ቅዳሜ አይጉል ለእናቷ ነጠላ መግዛት እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ሐይቅ ዳር ለቱሪስት የሚሸጥበት ሞልቷል፤ ሆቴሏም እዚያው ነበር። እኔ ግን ባጃጅ ይዤ ወደ መናኸሪያ ወሰድኳት። ሆን ብዬ ይሁን፣ እግሬ ልማዱ ወስዶኝ ይሁን፣ እስከ ዛሬ ለራሴ መልስ አልሰጠሁም። ስንደርስ እማማ ሩቂያ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ሰማንያን አልፈዋል፤ ጉልበታቸው ደክሟል፤ ዓይናቸው ግን ክር ይለያል። አይጉልን አዩ፣ ቀና ብለው ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አዩ፣ መልሰው አይጉልን አዩ።

"አስቴር፣ ይቺ የነዚያ ሰዎች ወገን አይደለችም?"

"ናት እማማ። ከቢሽኬክ ናት።"

"አላህ ላካት" አሉ። ወንበር ተሳበ፣ ሚሪንዳ ተከፈተ። ነጠላው ተረሳ። እማማ ሩቂያ ይጠይቃሉ፣ እኔ አስተረጉማለሁ። ተራራው እንዳለ ነው? አለ፤ ክረምት ግን የከሰል ጭሱ ይሸፍነዋል። ትሮሊባሱስ? እሱ ቀርቷል። ቦዩ ይፈሳል? በአንዳንዱ ሰፈር ደርቋል። አይጉል ባሕር ተሻግራ የማታውቅ አሮጊት ስለ ገዛ ከተማዋ እንዲህ ስትጠይቃት ጆሮዋን አላመነችም። "እንዴት አወቁ?" አለችኝ። ሳልመልስላት እማማ ሩቂያ ወደፊት ጎንበስ አሉ።

"አሁን ይሄን ጠይቂልኝ። ልጄ ዘይነብ እዚያ ናት። ጥቁር ሴት በእነሱ አገር መሀል አትጠፋም። አይታት እንደሆነ፣ ስለሷ ሰምታ እንደሆነ።"

እማማ ሩቂያ የአይጉልን አፍ እያዩ ይጠብቃሉ። አይጉል ደግሞ የእኔን። አታውቃትም ብዬ ልመልስ እችል ነበር፤ ውሸትም አይሆንም ነበር። ግን ደከመኝ። በሩሲያኛ፣ ቀስ ብዬ፣ "ልጃቸው ሞታለች። የሞተችው እናንተ ከተማ ነው፤ የተቀበረችውም እዚያው። እኔ ነበርኩ። እናቷ አያውቁም" አልኳት።

አይጉል ጠርሙሱን መሬት አስቀመጠች። አስባ ያደረገችው አልመሰለኝም። ሁለት መዳፏን ከፈተች፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ከግንባሯ እስከ አገጯ ፊቷን አበሰች።

እማማ ሩቂያ አንድ የሩሲያኛ ቃል አያውቁም። ያን እጅ ግን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያውቁታል።

"እማማ..." ብዬ ልጀምር ስል እጃቸውን አነሱብኝ።

"ይሄ ማስተርጎም አይፈልግም" አሉ።

መንገዱ ላይ ረዳቶች "ሻሸመኔ፣ ሻሸመኔ" እያሉ ይጮሃሉ። እማማ ሩቂያ "ኢንና ሊላህ" አሉ። ከዚያ "መቼ?" አሉኝ።

"ያኔ። እኔ ሳልመጣ፣ በክረምቱ።"

"ከኑረዲን በፊት?"

"በፊት።"

አዩኝ። እንደዚያ ያየኝ ሰው የለም። "ማን አጠባት?" አሉ። ስለ አፓ ነገርኳቸው፤ ስለ ወጥ ቤቶቹ፣ በረዶው ላይ ቆሞ ስለጸለየላት ሽማግሌ። እየነገርኳቸው ፊታቸው አንድ ጊዜ ብርሃን ሲያይ፣ ወዲያው ሲጠፋ አየሁ። "ይሄን" አሉ። "ይሄን እንኳ ለምን ከለከልሽኝ? በወግ መቀበሯን? ስንት ዓመት ለሞተች ልጄ የሕያው ዱዓ ሳደርግ፣ ጤና ስጣት፣ ልጅ ስጣት ስል..." አልጨረሱትም። "ሂጂ" አሉኝ። አይጉል ክንዴን ይዛ አወጣችኝ።

ድንኳን ተተከለ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የዘገየ ለቅሶ ሐዋሳ አይታ አታውቅም፤ የማያውቃት ትውልድ መጥቶ አለቀሰላት። ሻንጣዋንና ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ። ተቀበሉኝ፤ ቀና ብለው አላዩኝም። ከድንኳኑ ጫፍ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን ልነሳ ስል በሰው ፊት፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ "ላንቺ ያኔ ሞተች። ለእኔ ቅዳሜ ነው የሞተችው። እስከ ቅዳሜ ያኖርሽልኝ አንቺ ነሽ፤ የገደልሽብኝም አንቺ ነሽ። የትኛውን እንደምልሽ አላውቅም" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ዓርቡ ባዶ ሆነ። ዓርብ ሲመጣ ለብሼ እዘጋጃለሁ፤ በር ድረስ እሄድና እመለሳለሁ። ተራራውን የማወራለት ሰው የለኝም። ቤት ውስጥ ብቻዬን፣ ድምፄን አውጥቼ ሳወራው ራሴን የያዝኩበት ጊዜ አለ።

አይጉል ከመሄዷ በፊት የመቃብሩን ቦታ እንደማስታውሰው ሥዬ ሰጥቻት ነበር። ከወር ተኩል በኋላ ስልኬ ላይ መልእክት መጣ። ፎቶ አለው፤ ጉልበት የሚደርስ በረዶ፣ ከበረዶው አናታቸውን ያወጡ ድንጋዮች፣ ከኋላ ጭጋግ። "ሦስት እሁድ ሄድኩ" ይላል። "አላገኘሁም። መዝገቡም የለም አሉኝ። በረዶው ሲቀልጥ እንደገና እሄዳለሁ።"

ስልኩን ይዤ እስከ ቀትር ተቀመጥኩ። ውሸቱ ሳልጠራው ተሰናድቶ መጣ። አግኝታዋለች። ድንጋዩ ደህና ነው። አጠገቡ ዛፍ በቅሏል። ከፎቶው ላይ አንዱን ድንጋይ በጣቴ ባሳያቸው ይበቃል፤ የዚያን አገር ፊደል አያነቡ። እንዴት ያለ እረፍት ይሆንላቸዋል እያልኩ፣ ቃላቱን እየደረደርኩ፣ ከቤቴ፣ ከታቦር ተራራ ሥር እስከ መናኸሪያ በእግሬ ሄድኩ።

እማማ ሩቂያ አቡጀዴ እየለኩ ነበር። በሩ ላይ ቆምኩ። አላስገቡኝም፣ አላስወጡኝም።

"እማማ፣ ከዚያች ልጅ መልእክት መጣ።"

ክንዳቸው ጨርቁ ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። "ምን አለች?"

አፌን ከፈትኩ። ዓይናቸው እንዲያ ዓርብ ዓርብ እንደሚጠብቀኝ ሆኖ ጠበቀኝ።

"አላገኘችውም" አልኩ። "ሦስት ጊዜ ፈለገች፤ መዝገቡም የለም ተባለች። ቦታውን እኔም በደንብ አላስታውሰውም፤ ተሳስቼ አሳይቻት ሊሆን ይችላል።"

"በረዶ ነው?" አሉ።

"እስከ ጉልበት።"

ጨርቁን አጠፉ። በርጩማው ላይ ተቆልሎ የነበረውን ብርድ ልብስ አንስተው ወደ መደርደሪያው ገፉት።

"ተቀመጪ" አሉኝ።